ከንፈርና ተረከዝ

ማርሽ ባንድ ሲያልፍ መንገደኛው የሚያየው ቆቡን፣ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ወርቃማ ገመድና የሚያብረቀርቀውን ናስ ነው። ሥራው ያለው ግን ታች፣ ጫማው ላይ ነው። ተረከዝ መሬት ሲነካ ከንፈር ላይ ምን ይደርሳል? ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ሰልፍ የሚመለከት ሰው ብዙ ዓይን የሚያልፈውን ብልሃት ያያል።

ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ድምፅ የሚያወጣው ከንፈሩን ገጥሞ፣ በትንፋሹ እያንቀጠቀጠ ነው። ከንፈሩ የናስ ቀለበት ላይ አርፏል፤ ከኋላው ደግሞ ጥርስ አለ። ቆሞ ሲነፋ ቀለበቱ ከቦታው አይነቃነቅም። መራመድ ሲጀምር ግን መሬቱ መልስ ይሰጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ከተረከዝ ተነሥቶ በጉልበት፣ በዳሌና በአከርካሪ በኩል ክንድ ላይ ይወጣል፤ ክንድ መሣሪያውን ይነቀንቃል፤ መሣሪያው ከንፈርን ይመታል። ስምንት ምት ሙሉ ሳይቋረጥ ሊዘልቅ የሚገባው ድምፅ ስምንት ቦታ ይሰበራል። ጀማሪ ባንድ ከሩቅ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። እየሄዱ መንፋት ማለት እንግዲህ መሬቱን ከወገብ በታች ማስቀረት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ መሪ ሰፈር፣ ይህን ሥራ በቅርብ ለማየት ደህናው ጊዜ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ነው። መሪ ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት ሲወጣ አያት ከመድረሱ በፊት ያለ ሰፈር ነው፤ አንዱ የቀላል ባቡር ጣቢያም በስሙ ይጠራል። በስተሰሜን ባሕር ዛፍ የለበሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ ከዚያ የሚወርደው ነፋስ ማምሻውን ያንገበግባል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ የአንድ አጥቢያ ሰንበት ተማሪዎች ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ሹራባቸውን ሳያወልቁ የሚመጡም አሉ። አሠልጣኛቸው ከሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ረዳታቸው ትሮምቦን የሚነፋ ወጣት ሲሆን የውጭ አገር ባንዶችን ቪዲዮ በስልኩ እያየ ያደገ ነው። ሁለቱ በብዙ ነገር ይግባባሉ። በእግር ግን አይግባቡም።

የጋሼ እግር የወታደር እግር ነው። ጉልበት ይነሣል፣ ጫማው ጠፍጥፎ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ይጮኻል። ይህ አካሄድ ሰልፉ አንድ መሆኑን ለጆሮም ለዓይንም ይናገራል፤ ምትም ይይዛል፤ ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ሲረግጥ ከበሮ ባይኖርም ከበሮ አለ። ረዳቱ ያመጣው አዲሱ መንገድ ግን ተቃራኒው ነው። ጉልበት አይነሣም። እግር ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ወደፊት ይሄዳል፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ይቀናሉ፣ የተረከዙ ጠርዝ ቀድሞ ይነካል፣ ከዚያ ክብደቱ በእግር መዳፍ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ እየተንከባለለ እስከ ጣት ይደርሳል። የአንዱ እግር ጣት መሬት ሲለቅ የሌላው ተረከዝ ነክቷል። መሬቱ የሚመልሰው ምት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተበታትኖ ስለሚመጣ ወገብ ላይ ሳይደርስ ይሞታል።

ይህ ዘዴ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባንዶች ዘንድ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋ ነው። እዚያ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎቹ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ካምፕ ይገባሉ፤ ጠዋት እርምጃ፣ ከሰዓት በየመሣሪያው፣ ማታ ሁሉም በአንድ ላይ። የእርምጃው ርዝመት እንኳ የተወሰነ ነው፤ በአምስት ያርድ፣ ማለትም በ4.57 ሜትር ውስጥ ስምንት እርምጃ፣ እያንዳንዱ 57 ሴንቲ ሜትር ያህል። እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ምት ሜዳው ላይ የት መቆም እንዳለበት በወረቀት ይሰጠዋል። አንድ ባንድ ከጉልበት ማንሣት ወደ ተረከዝ ማንከባለል ሲሸጋገር የካምፑ የመጀመሪያ ቀናት ስቃይ ናቸው፤ ጣትን ወደ ላይ ቀና አድርጎ መሄድ ያልለመደ ሰው የቅልጥሙ ፊት ይነድበታል። ይህ ሲባል ግን አሮጌው ዘዴ ተሸንፎ ጠፋ ማለት አይደለም። የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ባንድና ሌሎች የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ባንዶች ጉልበት ማንሣትን ይዘው የራሳቸው ጥበብ አድርገውታል፤ እነርሱን አይቶ «ኋላ ቀር» የሚል ሰው የለም።

ልጆቹ አዲሱን እርምጃ ሲጀምሩ እንደ ሽመላ ነው የሚሄዱት። ጉልበታቸው ይገተራል፣ ዓይናቸው ከጫማቸው አይነሣም፣ ድምፁ ከበፊቱ ይብሳል። ረዳቱ ብዙ ካስረዳ በኋላ በቃል የማይሆን መሆኑን ተረዳና ወደ ተራራው አመለከታቸው። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የዚህ አካባቢ ልጅ የለም። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ክብደት የሚተናነስ አይደለም፤ ወገብ ጎንበስ ብሏል፤ ግን ጀርባው ላይ ያለው እስር ወደ ላይና ወደ ታች አይዘልም። ጉልበት ትንሽ ለዘብ ብሎ፣ እግር መሬቱን እየዳሰሰ፣ ቁልቁለቱን ከወገብ በታች ይጨርሱታል። ሸክሙ ቢዘል ወገባቸው አይችለውም፤ ስለዚህ አይዘልም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሞከሩት። አንዲት ክላርኔት የምትነፋ ልጅ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አንድ ድምፅ ሳይሰበር ይዛ ስትደርስ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ማመስገናቸው ነው።

እግር ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሽ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚከብደው። ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ አይታወቀንም፤ ሳምባ ሙሉ አየር ወስዶ እየተራመደ ቱባ የሚነፋ ልጅ ግን ያውቀዋል። ለዚህ ያለው መፍትሔ በተራ መተንፈስ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ነፊዎች መቼም በአንድ ቦታ አይተነፍሱም፤ አንዱ ሲወስድ ሌላው ይይዛል፤ ተመልሶ ሲገባም የጓደኛውን ድምፅ ሳይገፋ፣ ከሥሩ ገብቶ ቀስ ብሎ ይነሣል። በትክክል ሲሠራ አድማጩ ሰልፉ ከነጭራሹ የማይተነፍስ ይመስለዋል። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሁለት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች፣ አንዳቸው የሌላቸውን ሳምባ በጆሮ እየቆጠሩ፣ በማንም እንዳይታወቅላቸው የሚደክሙበት ሥራ ነውና።

የጥር ንጋት ብርድ ሌላው ፈተና ነው። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ይላል፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የሚሄደው በ8 ዲግሪ 336 ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በናስ ቱቦ ውስጥ ግን ድምፁ በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ለማንም ጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ ጎበዝ ነፊ ከመሰለፉ በፊት መሣሪያውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ደጋግሞ ያስገባል። ቱቦው ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል መቃኛውን ቱቦ በጥቂቱ ይስባል። ፀሐይ ወጥታ ናሱ ሲግል እንደገና ይስባል። በየመሐሉ ቱቦውን አዘንብሎ የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ምራቅ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ትንፋሹ በቀዝቃዛው ናስ ላይ ወደ ውኃነት ተለውጦ ነው። ሥነ ሥርዓት የጎደለው የሚመስላችሁ ካላችሁ ይቅር በሉት፤ ባያንጠባጥበው ይንቦጫረቃል።

ሰልፉ ሲረዝም ድምፅ ራሱ ይዋሻል። ከፊት እስከ ኋላ 30 ሜትር የሚደርስ ሰልፍ ውስጥ የኋላው ከበሮ ከፊት ያለው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ከሰከንድ አሥረኛ ጥቂት ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 እርምጃ በሚሄድ ሰልፍ አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ መዘግየቱ የምቱን አምስተኛ ያህል ይበላል። ሁሉም የሰማውን ቢከተል ባንዱ እንደ ላስቲክ ይሳባል። የጋሼ ደንብ አጭር ናት፤ ከኋላ የሚመጣውን ስማና ተከተል፣ ከፊት ያለውን እይ እንጂ አትስማ። የፊተኛው ሰው ተረከዝ አይዘገይም፤ ዓይን ከጆሮ ይፈጥናል። በብዙ አገር ወታደራዊ ባንድ ትሮምቦኖች ፊት የሚሰለፉትም በክብር አይደለም። የሚሳበው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከፊት ያለውን ሰው ማጅራት ስለሚመታ ነው።

መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሌላ ውበት አለ። ሰልፉ ከጠባቡ መንገድ ወደ ዋናው አስፋልት ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ልጅ ባለበት የሚረግጥ ያህል እርምጃውን ያሳጥራል፤ በውጭ በኩል ያለው ያስረዝማል፤ መሐል ያሉት እንደየቦታቸው። ምታቸው ግን አንድ ነው፤ መስመሩ እንደ በር ዞሮ ይገጥማል። የውስጠኛው ልጅ አጭር እርምጃ ከረጅሙ ይከብዳል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ እዚያ ቦታ አይመደብም።

ከሁሉ የከበደው ሽግግር ግን የከበሮዎቹ ነው። እነዚህ ልጆች ባንድ ከመግባታቸው በፊት የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የመቱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፤ ሁለቱ እጆች ሥራቸው የተለያየ ነው። የባንዱ ትንሽ ከበሮ ግን አንድ ፊት ላይ በሁለት በትር የሚመታ ነው፤ የግራው ምት ከቀኙ መለየት የለበትም። ስለዚህ ጋሼ ልጆቹን ሳምንት ሙሉ በግራ እጅ ብቻ ያስመታሉ። አያያዙም ተለውጧል። ድሮ ከበሮው በትከሻ ማንገቻ ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ስለነበር የግራ እጅ በትሩን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በአውራ ጣትና በጣቶቹ መሐል ይይዘው ነበር፤ ጋሼ እስካሁን የሚይዙት እንዲያ ነው። ዛሬ በትከሻና በደረት ላይ የሚታጠቅ መሸከሚያ ከበሮውን አስተካክሎ ስለሚይዘው ሁለቱም እጆች መዳፋቸውን ወደ ታች ያደርጋሉ። ምክንያቱ ሲጠፋ ዘዴው ሊጠፋ ይገባል የሚለው ረዳቱ ነው። ጋሼ አይመልሱለትም፤ በአሮጌው አያያዝ አንድ ረጅም የሚንከባለል ምት፣ ከሹክሹክታ ጀምሮ እስከ ነጎድጓድ፣ ያለ አንድ ስብራት ያሰሙታል።

እጅ ይለመዳል። የማይለመደው ፍጥነት ነው። የእኛ ምስጋና ባለበት አይቆምም። ሊቃውንቱ ሲዘምሩ መጀመሪያ ዜማው በመቋሚያ ዝማሜ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ወደ መረግድ ይሻገራል፤ በስተመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ ምት ይፋጠናል። ደስታ ሲጨምር መፍጠን በአጥንታችን ውስጥ ያለ ሕግ ነው። ማርሽ ደግሞ ይህን ይከለክላል፤ በ112 የተጀመረ በ112 ማለቅ አለበት፣ አለበለዚያ የኋለኛው ሰልፈኛ ይሮጣል። አንዱ ባለ ከበሮ ሦስተኛ ጊዜ ሲፈጥን ተይዞ «ጋሼ፣ ዝማሬው እኮ ራሱ ነው የሚሮጠው» አለ። «ዝማሬ እግር የለውም፣ ልጄ» አሉት፤ «የምትሮጠው አንተ ነህ።»

በሁለቱ ጥበቦች፣ በሊቃውንቱ አቋቋምና በማርሽ ባንድ፣ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል። አቋቋም እንቅስቃሴን ለዓይን ያወጣል፤ መቋሚያው ሲያዘነብል ዜማው ሲያዘነብል ታያለህ፤ ሰውነት ድምፁን ይጽፈዋል። ማርሽ ባንድ ግን እንቅስቃሴን ከድምፁ ውስጥ ይሰውራል፤ ሰልፉ እየሄደ ዜማው የቆመ ይመስላል። የመሪ ልጆች ጠዋት አውደ ምሕረት ላይ ወረብ ወርበው ከሰዓት በኋላ ጥሩምባ ሲያነሡ አንዱን ሰውነት ለሁለት ተቃራኒ ሕግ ነው የሚያስገዙት።

አዲስ ዘዴ መልመድ ደግሞ ለሊቃውንቱም ቢሆን እንግዳ አልነበረም። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሃና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በጣና ዳር የሸምበቆውን መወዛወዝና የማዕበሉን መመላለስ አይተው የሰውነት ውዝዋዜው ጎላ ያለ አዲስ አቋቋም እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምሮት በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ዛሬ «የተክሌ» የምንለው አቋቋም ይህ ነው። አንዱ ዘመን ያልፈቀደውን ሌላው እንደ ጥንት ሥርዓት ሲጠብቀው እናያለን። የሸምበቆው ታሪክ እውነት ይሁን ማስዋቢያ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ዘዴው እጅ ላይ የገባው በክርክር ሳይሆን አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ስለተማረው መሆኑ ነው።

በአገራችን የናስ ባንድ ታሪክ ደግሞ ከዓድዋ ድል በኋላ ይጀምራል። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የነፋስ መሣሪያዎችን ላኩ፤ የቤተ መንግሥቱ ልጆች መንፋት ጀመሩ። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈው ለያኔው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው እሱ ነው፤ መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ተሰማ። የእነዚያ ልጆች ዕድሜ ዛሬ መሪ ሜዳ ላይ ከሚለማመዱት ብዙ አይርቅም ነበር። አገር ለውጠው፣ ቋንቋ ለውጠው፣ ከንፈራቸውን ብቻ ይዘው መጡ።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነገር በሰልፍ አብሮ የመንፋት ሥራ እዚህ ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በቤተ መንግሥት ሰልፍ እምቢልታ ይነፋ ነበር። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ሆኖ ነው የሚነፋው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ አለው። ዜማው የማንም አይደለም፤ በሦስቱ መካከል ይሠራል። አንዱ በሰዓቱ ካልገባ ቀዳዳ ይፈጠራል። በተራ መተንፈስ፣ የጓደኛን ድምፅ ጠብቆ መግባት፣ የራስን ትንሽ ድርሻ አለማሳበጥ፣ እነዚህን ሁሉ የእምቢልታ ነፊ ያውቃቸው ነበር። ከውጭ የመጣው ኖታና ናስ ነው እንጂ ጆሮው አይደለም።

ኖታውም ቢሆን ሁሉን አልያዘም። መዝሙር ወደ ጥሩምባ ሲገባ አንቺሆዬ ቅኝት ያስቸግራል፤ ጠባብ እርከኖቹ የመዘምራኑ ጉሮሮ በሚያስቀምጣቸው ቦታ በቁልፍ አይገኙም። ጥሩምባ ራሱም ጉድለት አለው፤ ሦስቱ ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ ስለዚህ በግራ እጅ ቀለበት ጣት አንዲት ትንሽ ቱቦ ገፋ ይደረጋል። ጎበዞቹ ይህችኑ ቱቦና ከንፈራቸውን ተጠቅመው አንቺሆዬን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያሰማው በዚህ ዓይነቱ የከንፈር ብልሃት ነው። መሪ ላይ አንድ ጥሩምባ ነፊ የመዝሙሩን መዳረሻ ድምፅ ከታች ተነሥቶ እያንሸራተተ ሲያስገባ ረዳቱ «በኖታው ላይ እንዲያ አልተጻፈም» አለው። በዚህ ጊዜ ግን ጋሼ ከልጁ ጎን ቆሙ፤ አሮጌው ሰው ለአዲሱ እግር እሺ ያሉትን ያህል አዲሱም ሰው ለአሮጌው ጉሮሮ እሺ አለ።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ዜማ የሚነፉት በተረከዝ ማንከባለል ይሂዱ፤ ለከንፈርም ለጥርስም እሱ ይሻላል። የሰልፉን ፊት የሚመራው ባለ ዘንግና ባለ ትልቁ ከበሮው ግን ጉልበታቸውን ያንሡ፤ ሕዝብ መሐል ለሚያልፍ ሰልፍ የሚታይ ምት ያስፈልጋል። የአሜሪካውያኑን የሜዳ ላይ ቅርጽ፣ ክብ መሥራቱንና መበታተኑን ግን መሪ መንገድ ላይ ማምጣት ከንቱ ነው። ያ የተሠራው ከላይ ወደ ታች ለሚያይ የስታዲየም ተመልካች ነው፤ የእኛ ተመልካች ክንድ ርቀት ላይ ነው የቆመው፣ የሚያየው ተረከዝና ጉንጭ ነው። ለእሱ የሚሆነው ትልቁ ትርኢት በአንድ ምት መነሣትና በአንድ ምት መቆም ነው። መቆም ከመነሣት ይከብዳል። ዘንጉ ሲወርድ ሁሉም ከንፈር በአንድ ቅጽበት ካልለቀቀ አንድ የተረሳ ጥሩምባ ባዶው ውስጥ ይቀራል፤ ጠቅላላውን ሥራ ያበላሻል።

ችግሩ ይህን ማንም አለመስማቱ ነው። በከተራና በጥምቀት ታቦታቱ ሲወጡና ሲመለሱ፣ ጥር 12 ቀንም የሚካኤል ታቦት ሲገባ፣ ከባንዱ ፊትና ኋላ ድምፅ ማጉያ የጫኑ መኪናዎች ይሄዳሉ። ከአንዱ መኪና የተቀዳ መዝሙር፣ ከሌላው ማስታወቂያና ማሳሰቢያ ይወጣል፤ በመካከላቸው ሳምንት ሙሉ በግራ እጅ ብቻ ሲመቱ፣ ቅልጥማቸው ሲነድ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲቆጥር የከረሙ ልጆች አፋቸው ሲነፋ ብቻ ይታያል። የበዓሉን ዝግጅት የምታስተባብሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባንዱ ከድምፅ ማጉያው መኪና ቢያንስ መቶ እርምጃ ይራቅ፤ ወይም ባንዱ ሲነሣ ማጉያው ይዘጋ። አንድ መዝሙር እስኪያልቅ ብቻ።